የየቤቱ ታሪክ በመሳቢያ ውስጥ አይቅር
(በስኮትላንድ፣ በክሮቪ መንደር የታሪክ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ በሊቀመንበሩ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። አዳራሹን ላዘጋጃችሁልን፣ ሻይ ላፈላችሁልንና በዚህ ዝናብ ከጋርደንስታውን ለመጣችሁ ጎረቤቶቻችን ከልብ አመሰግናለሁ። የዓመቱ ሥራ በጽሑፍ ታድሏችኋል፤ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ አሳይተናል፣ የአዛውንቶችን ቃል ቀርፀናል፣ የመንደሩን ካርታ አድሰናል። በዚህ እኮራለሁ። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣኝ ግን የየቤቱ ታሪክ መዝገብ መንገድ ላይ መቅረቱ ነው።

ክሮቪ በጌምሪ ባሕረ ሰላጤ ምሥራቃዊ ዳር፣ ከገደል ሥር በአንድ ረድፍ የተደረደረች መንደር ናት። በገደሉና በባሕሩ መካከል ያለው መሬት እጅግ ጠባብ ስለሆነ መኪና በቤቶቹ ፊት አያልፍም፤ የከሰሉ ከረጢትም ሆነ የአልጋው ፍራሽ ከመንደሩ ጫፍ በእጅ ጋሪ እየተገፋ ይገባል። አብዛኞቹ ቤቶች ጠባብ ጎናቸውን ለባሕሩ ሰጥተው የቆሙት ማዕበሉ የሚመታው ግድግዳ ትንሽ እንዲሆን ነው። ይህን ያሰቡት ሰዎች እነማን እንደነበሩ ነው መዝገቡ የሚጠይቀው።

ጋርደንስታውንን በ1720 አሌክሳንደር ጋርደን እንደቆረቆራት ሁሉም ያውቃል። የእኛዋ መንደር ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ባለርስቶች መሬቱን ለበግ ግጦሽ ሲፈልጉት፣ ከማሳቸው የተነሡ ቤተሰቦች የሠፈሩባት ናት። ማረሻ ይዞ ያደገ ሰው መረብ መጣል እዚህ ተማረ። ሴቶቹ ዛጎል እየፈለፈሉ ሥጋውን በረጅሙ የዓሣ ማጥመጃ ገመድ መንጠቆዎች ላይ ሲሰኩ ይውሉ ነበር፤ ባሎቻቸው እግራቸው ሳይርስ ወደ ባሕር እንዲወጡም ቀሚሳቸውን ሰብስበው እስከ ጀልባው በጀርባቸው ያዝሏቸው ነበር። የቤተሰቡ ስም ጥቂት ስለነበረ ሰው ከሰው የሚለየው በቅጽል ስሙ ነው፤ ያ ቅጽል ስም ካልታወቀ በየትኛው ቤት ማን እንደኖረ ማወቅ አይቻልም።

ከዚያ ጃንዋሪ 31 ቀን 1953 የሆነው ሆነ። ማዕበሉ የእግር መንገዱንና በርካታ ቤቶችን ጠርጎ ወሰደ፤ ብዙ ቤተሰቦችም ጓዛቸውን ሸክፈው ወጡ። ቤቶቹ ቀስ በቀስ የበጋ ማረፊያ ሆኑ። ባለቤቶቹ ጣሪያውን ስለጠገኑ፣ ግድግዳውን ስለቀቡ አመሰግናቸዋለሁ፤ እነርሱ ባይኖሩ ዛሬ ፍርስራሽ ብቻ በቀረን ነበር።

ሆኖም ዛሬ እዚህ ለሌላችሁት ባለቤቶች እናገራለሁ። የቤታችሁን አሮጌ ውል ለመዝገቡ እንድታሳዩን ደብዳቤ ጻፍንላችሁ፤ መልስ ስናጣ ደግመን ጻፍን። አንዳንዶቻችሁ «ውሉ የግል ንብረቴ ነው» አላችሁ። እውነት ነው፤ እኛም የጠየቅነው ቅጂውን እንጂ ዋናውን አይደለም። ቤቱን ስትገዙ የተረከባችሁት አሮጌ ወረቀት ለእናንተ ትርፍ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ለእኛ ግን የአንድ ቤተሰብ ስም ከነጭራሹ እንዳይጠፋ የሚያደርግ ብቸኛ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ባለፈው መጸው አንዲት እናት የብስኩት ቆርቆሮ በጋሪ አስጭነው ቤቴ ድረስ መጡ። ከታች፣ ከደረሰኞቹ ሥር፣ አባታቸው በእርሳስ የጻፉት የጎረቤቶች ቅጽል ስም ዝርዝር ተጣጥፎ ተገኘ። እጥፋቱ ላይ ያሉት ሁለት ስሞች ተፍቀው ሊነበቡ አልቻሉም፤ እናታችን ግን ሁለቱንም በቃላቸው ነገሩን። አሁን ታመው ተኝተዋል። እንደ እርሳቸው የሚያስታውሱ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ስለዚህ ጎረቤታችሁ ዛሬ ካልመጣ ስልክ ደውሉለት። የቅጂ መሣሪያው እስከ ማታ እዚሁ አዳራሽ ይቆያል፤ ወረቀታችሁን ማምጣት የከበዳችሁ ካላችሁም ጋሪውን እኔው ይዤ እመጣለሁ። አሁን ገንዘብ ያዣችን የሒሳብ ሪፖርቱን እንዲያቀርቡ እጋብዛለሁ።