የጃንሆይ ብር፣ የአሜሪካዊው ፊርማ

ዳንኤል፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ባቡሩ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የጅቡቲው መስመር እንዴት እንግሊዝ እጅ እንደገባ፣ እንዴትስ እንደወጣ…

ማህሌት፦ ቆይ፣ ከባቡሩ በፊት ይቺን ያዝልኝ።

ዳንኤል፦ (ይስቃል) ጀመረች! አድማጮች፣ ዛሬም ሳንቲሟን ይዛ መጥታለች።

ማህሌት፦ አገላብጠህ እያት እንጂ! ምን ታያለህ?

ዳንኤል፦ በአንድ በኩል ጃንሆይ፣ በሌላው አንበሳው። ዓመተ ምሕረቱ በግእዝ ቁጥር ነው፤ 1936 ይላል።

ማህሌት፦ ሃምሳ ሳንቲም ነች፤ እውነተኛ ብር አለባት። አያቴ በቆርቆሮ ሣጥን ታጠራቅማቸው ነበር። ከዚህች በቀር ያሉትን አንጥረኛ ዘንድ ወስዳ አስቀልጣ መስቀልና የጆሮ ጌጥ አሠርታባቸዋለች። ወረቀት ገንዘብ እንደሆነ አታምንም። አጎቴ ደመወዙን በወረቀት ሲያመጣላት «ዝናብ ቢመታውስ?» ብላ ትመልሰዋለች። በብር ሳንቲም ለውጦ ካልመጣ አትቀበለውም።

ዳንኤል፦ እውነቷን ነው እኮ። እሺ፣ ባቡሩስ?

ማህሌት፦ እየመጣሁ ነው። ጥር 23 ቀን 1934 የተፈረመውን ውል አስታውስ። እንግሊዝ ለመንግሥት በጀት ገንዘብ ትሰጣለች፤ በምትኩ አማካሪዎቹ የሷ ሰዎች ናቸው፣ ባቡሩ በሷ ቁጥጥር ሥር ነው፣ የሌላ አገር አውሮፕላን ያለሷ ፈቃድ አይገባም። የሷ መልእክተኛ ከዲፕሎማቶቹ ሁሉ ይቀድማል።

ዳንኤል፦ ነፃ አውጪ ተብላ ነው እንግዲህ።

ማህሌት፦ ገበያ ውስጥ ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አለ፤ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ገንዘብ። ቡናህንና ቆዳህን ትሸጣለህ፣ የምታገኘው ስተርሊንግ ነው፣ የእንግሊዝ ገንዘብ። እሱን እንደ ልብህ በዶላር መንዝረህ ከአሜሪካ ዕቃ ማስመጣት አትችልም። ገንዘቡን የያዘ ንግዱን ያዘ ማለት ነው። ለኔ ከባቡሩ ይልቅ ዋናው ትግል እዚህ ነው የነበረው።

ዳንኤል፦ ማርትሬዛም ነበረ እኮ፣ የድሮው የብር ሳንቲም።

ማህሌት፦ ነበረ! ገበሬው የሚያምነው እሱን ነው፤ እንደ አያቴ። ስለዚህ አዲሱ ገንዘብ ሲታሰብ ወረቀት ብቻ ቢሆን ማን ይቀበለዋል? ሃምሳ ሳንቲሟ ከብር መሠራት ነበረባት። ብሩን ያበደረችው አሜሪካ ነች፣ በሌንድ ሊዝ፤ በጦርነቱ ጊዜ ወዳጅ አገሮችን በምትረዳበት ፕሮግራም። ሳንቲሟም የተመታችው ፊላደልፊያ ነው። አዲሱ ገንዘብ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ወጣ፣ በጃንሆይ ልደት ቀን። አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ሂሳብ።

ዳንኤል፦ ኖቱ ላይ የፈረመውስ ማነው?

ማህሌት፦ (ትስቃለች) አውቃለሁ ወዴት እንደምትሄድ።

ዳንኤል፦ ጆርጅ ብላወርስ! የመንግሥት ባንኩ ገዥ አሜሪካዊ ነው። የኢትዮጵያ ብር፣ የጃንሆይ ምስል፣ የአሜሪካዊ ፊርማ። ጌታ መቀየር ካልሆነ ምንድነው?

ማህሌት፦ አይደለም። እንግሊዝ ጦሯ እዚሁ ነበር፤ አሜሪካ ሩቅ ነች። አንዱን ኃያል በሌላው መግፋት ነው። ሌላ ምን አቅም ነበራቸው? አየህ፣ የካቲት 6 ቀን 1937 ጃንሆይ ስዊዝ ቦይ መራራ ሐይቅ ላይ ኩዊንሲ የምትባል የጦር መርከብ ላይ ወጥተው የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን አገኙት። ካነሱለት ጉዳይ አንዱ…

ዳንኤል፦ ባቡሩ!

ማህሌት፦ ባቡሩ! ባቡሩና የባሕር በሩ። ደስ ይበልህ፣ ደረስን።

ዳንኤል፦ በስንት መከራ! ግን ያኔ ከእንግሊዝ ጋር ሁለተኛው ውል ተፈርሟል፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 1937። በሱ እንግሊዝ ባቡሩን ልትለቅ ተስማማች፣ የመልእክተኛዋም ቅድሚያ ቀረ።

ማህሌት፦ ኦጋዴንን ግን አልለቀቀችም። ሐውድ የሚባለው የግጦሽ መሬት እስከ 1947 ድረስ በእጇ ነበር።

ዳንኤል፦ እሱን እኮ ነው የምልሽ፤ ሐዲዱን ለቃ መሬቱን ይዛ ቀረች። በዚያው 1937 መጨረሻ ገደማ ደግሞ ሲንክሌር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለ50 ዓመት የነዳጅ ፍለጋ መብት ያገኛል። ለ50 ዓመት፣ ማህሌት!

ማህሌት፦ ፈልጎ ፈልጎ ምን አገኘ? ባዶ እጁን ሄደ።

ዳንኤል፦ አለማግኘቱ ውሉን ጥሩ አያደርገውም።

ማህሌት፦ እሺ፣ እሱን እቀበልሃለሁ። አየር መንገዱስ? ቲደብሊውኤ ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር የተዋዋሉት ያኔ ነው፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 የመጀመሪያው በረራ ካይሮ ሄደ። የእንግሊዝ ፈቃድ ካልታከለበት አውሮፕላን አይገባም የተባለበት አገር እኮ ነው!

ዳንኤል፦ አብራሪዎቹ እነማን ነበሩ?

ማህሌት፦ አሜሪካውያን።

ዳንኤል፦ ሥራ አስኪያጁስ?

ማህሌት፦ አሜሪካዊ፤ ለጊዜው! ሥራውን እስኪለምዱ ነው፣ በኋላ በኢትዮጵያውያን ተተኩ እኮ…

ዳንኤል፦ «ለጊዜው» ያልሽው እስከ ስልሳዎቹ ድረስ ነው። ሰዓታችን አልቋል፣ ባቡሩን ገና ድሬዳዋ አላደረስነውም። በሚቀጥለው ክፍል እንመለስበታለን።

ማህሌት፦ አየር መንገዱንም ጨምረህ! አላሸነፍከኝም።