ውሃው ከሄደ በኋላ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የውሃ ምህንድስና ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የተጋበዝኩት ግድብ እንዴት እንደሚሠራ እንዳወራላችሁ ነበር። ዛሬ ግን ስለፈረሰ ግድብ ልንገራችሁ። ግድብ ምን ያህል ሕይወት ተሸክሞ እንደቆመ ቁልጭ ብሎ የታየኝ በዚህ ነው።

ግንቦት 29 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ በደቡብ ዩክሬን ዲኒፕሮ ወንዝ ላይ የነበረው የካኾቭካ ግድብ ተደረመሰ። ከኋላው 18 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሐይቅ ነበር። ስፋቱን በዓይነ ሕሊናችሁ ለማየት ጣናን አስቡ። የጣናን ሁለት ሦስተኛ ያህላል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር።

ግድቡ በሩሲያ ጦር እጅ ነበር። ሩሲያና ዩክሬን እስካሁን ጣት ይቀሳሰራሉ። ማስረጃውን የመረመሩ ብዙ ባለሙያዎች ግን ከውስጥ በተጠመደ ፈንጂ መፍረሱ አይቀርም ይላሉ። እንዲህ ያለ የኮንክሪት ግንብ ከውጭ በወደቀ መድፍ ብቻ እንደማይናድ እናንተም ታውቃላችሁ።

ውሃው ኬርሶን ከተማ ላይ ከ5 ሜትር በላይ ከፍ አለ። ወደ 80 የሚጠጉ ከተሞችና መንደሮች በጎርፍ ተመቱ። ወንዙ የጦር ግንባር ስለነበር አንዱ ዳርቻ በዩክሬን፣ ሌላው በሩሲያ እጅ ነው። ውሃው ሁለቱንም ወሰደ። ዝቅ ያለው የግራው ዳርቻ ግን የባሰ ተጎዳ። ኦሌሽኪ በምትባል ከተማ ሰዎች ጣሪያ ላይ ወጥተው ጀልባ ሲጠብቁ ቀኑ መሸባቸው። ኬርሶን ውስጥ ደግሞ ሰው በጀልባ እየወጣ ሳለ መድፍ ይወድቅ ነበር። በየማሳው የተቀበረው ፈንጂም በውሃው ተነቅሎ ሄደ። የት እንዳረፈ ማን ያውቃል? ኦሌሽኪ ውስጥ ስንት ሰው እንደሞተ እስከ ዛሬ በትክክል አልተቆጠረም። ይህ ይከነክነኛል። ሰው ሞቶ አለመቆጠሩ ሁለተኛ ሞት ነው።

ስለ ጎርፍ እኛም እናውቃለን። ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በ1998 ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ደራሽ ውሃ ግን መጥቶ ያልፋል። የግድብ መፍረስ ከዚህ ይለያል። ከታች ያለውን ሰው ውሃ ይዞት ይሄዳል። ከላይ ያለውን ደግሞ ውሃ ጥሎት ይሄዳል።

ኒኮፖልን ውሰዱ። ከግድቡ በላይ፣ ሐይቁ ዳር ያለች ከተማ ናት። ጎርፍ አልነካትም። በቀናት ውስጥ ግን ሐይቁ ከውሃ መሳቢያው ቧንቧ በታች ወረደ፤ ቧንቧዎች ደረቁ። ሰው ጀሪካን ይዞ ተሰለፈ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በወቅቱ የመጠጥ ውሃ የሚያስፈልገውን ሕዝብ 700,000 ብሎ ነበር። ያስተዋላችሁ እንደሆነ፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ የጎርፉን ጠብታ እንኳ አላዩም።

እርሻውም እንዲሁ ነው። የዩክሬን ግብርና ሚኒስቴር እንዳለው 31 የመስኖ አውታሮች ውሃ አጡ። ከጦርነቱ በፊት 584,000 ሄክታር ያጠጡ ነበር። የኬርሶን ሐብሐብ በአገሩ ስሙ የተጠራ ነው፤ ያንን የሚያበቅለው ደረቅ መሬት ውሃውን የሚያገኘው ከዚህ ሐይቅ ነበር። በአውሮፓ ትልቁ የሆነው የዛፖሪዢያ የኑክሌር ጣቢያም ማቀዝቀዣውን የሚሞላው ከዚያው ነበር። ደግነቱ ለብቻው የታጠረ ኩሬ ነበረው፣ ማመንጫዎቹም ኃይል ማምረት አቁመው ነበር። በኋላ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ ተገኘለት።

ዲኒፕሮ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የመጀመሪያው አይደለም። ነሐሴ 1933 የሶቪየት ጦር ከጀርመን ሲሸሽ እዚያው ወንዝ ላይ፣ ዛፖሪዢያ ያለውን ግድብ ራሱ አፈነዳው። የራሱ ወታደሮችና የራሱ ሕዝብ በውሃ አለቁ። የዚያ ጊዜውም ሟች ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ሕግ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ። በፈረንጆቹ 1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ አንቀጽ 56፣ ሲቪሎችን የሚፈጅ ጎርፍ የሚለቅ ከሆነ ግድብ አይመታም ይላል። ወታደራዊ ዒላማ ቢሆን እንኳ። እንዲህ ላለው ግንባታ መለያ ምልክትም አለው፦ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ደማቅ ብርቱካናማ ክቦች። ግን አንቀጹ ለየት ላሉ ሁኔታዎች በር ከፍቷል፤ በዚያ በር መግባት የሚፈልግ አይጠፋም። እኔ ያ በር ቢዘጋ ደስ ይለኛል።

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። ጥቅምት 2013 ላይ ዶናልድ ትራምፕ ከሱዳን መሪዎች ጋር በስልክ ሲነጋገሩ፣ ግብጽ ግድባችንን ልታፈነዳው እንደምትችል በጋዜጠኞች ፊት ተናግረዋል። ያኔ ሁላችንም ተናደድን። እኔም ተናድጃለሁ። ግን ከንዴቱ ቀጥሎ የታየኝ የሱዳኖቹ ሮዛሪስና ካርቱም ናቸው። ዛሬ ጉባ ላይ ያለው ሐይቅ እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። ያ ግድብ ቢመታ መጀመሪያ ውሃው የሚደርሰው ሱዳናዊው ደጃፍ ነው።

የካኾቭካ ሐይቅ የነበረበት ቦታ አሁን አብዛኛው ጫካ ሆኗል። ጭቃው ላይ አኻያ በቅሎ ከሰው ቁመት በላይ አድጓል። ደለሉ ውስጥ ግን ለአሥርተ ዓመታት ከፋብሪካ የወረደ፣ ከባድ ብረት የሚባል መርዝ ተጠራቅሟል። ዩክሬናውያን ግድቡ እንደገና ይሠራ ወይስ ጫካው እንዳለ ይቆይ እያሉ ይከራከራሉ። ሁለቱም ወገን የሚለው አለው፤ ኒኮፖል ግን አሁንም መጠጥ ውሃ ትፈልጋለች።

እና አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዘንድሮ የመመረቂያ ሥራችሁን ስታዘጋጁ፣ ከግድባችሁ በታች ማን እንደሚኖር በስም በስሙ አስገቡ። ከላይም ማን ከሐይቁ እንደሚጠጣ ጨምሩ። ውሃው በስንት ሰዓት የትኛው መንደር እንደሚደርስ አስሉ። በሌሊት ማን ደውሎ እንደሚቀሰቅሳቸው ጻፉ። ፈተናችሁ ላይ ስገኝ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ያንን ካርታ ነው።