ከቡና ቤት የተነሳ ቡድን
(በጤና ስፖርት ማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሊቀመንበሩ ያደረጉት የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

የእሁድ ጠዋት ጨዋታችሁን ትታችሁ አዳራሽ መቀመጥ እንደከበዳችሁ ከፊታችሁ ይታወቃል። አንዳንዶቻችሁማ ቱታችሁን እንኳ አልቀየራችሁም። ስለዚህ ሪፖርቱን ለጸሐፊያችን፣ ሒሳቡን ለገንዘብ ያዣችን ትቼ እኔ የኳስ ወሬ ላውራችሁ። ወሬው የሩቅ አገር ነው፤ ለምን እንዳነሳሁት አጀንዳ 3 ላይ ስንደርስ ይገባችኋል። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ለሥራ ሥልጠና ጃፓን በሄድኩ ጊዜ ማትሱሞቶ በምትባል ከተማ ከርሜ ነበር። ናጋኖ በሚሉት ክፍለ ሀገር፣ በተራሮች መሀል ያለች፣ ግድግዳው ጥቁር የሆነ ጥንታዊ ግንብ ያላት ከተማ ናት። ቡድኗ ማትሱሞቶ ያማጋ ይባላል፤ ያኔ የሚጫወተው በሦስተኛው ዲቪዚዮን ነበር። «ያማጋ ማለት ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ የቡና ቤት ስም ነው አሉኝ። ቡና ቤት ስል ያኛውን አይደለም፤ እዚያ የሄደ ልባችሁን መልሱ! ቡና ተፈልቶ የሚጠጣበትን ነው። በ1965 በባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያማጋ የሚባል ቡና ቤት ነበር። የቤቱ ደንበኞች የነበሩ ኳስ ተጫዋቾች ቡድን አቋቋሙና የቤቱን ስም ሰጡት። የኛው ኢትዮጵያ ቡና ስሙን ያገኘው ከንግዱ ነው፤ እነሱ ግን ከስኒው።

ከዚያ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ በአካባቢ ሊጎች ውስጥ ኖሩ። ሰው ሠርቶ ውሎ ማታ የሚለማመድበት ዓይነት ኳስ ነው፤ እኛ የምናውቀው ማለት ነው። ነገሩን የለወጠው ስታዲየም ነው። አልዊን የተባለው ስታዲየም በ2001 ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ተሠርቶ አለቀ፤ በ2002ቱ የዓለም ዋንጫ የፓራጓይ ብሔራዊ ቡድን ተለማምዶበት ሄደ። ከዚያስ? ሃያ ሺህ ሰው የሚይዝ ሜዳ ባዶውን ቀረ። በ2004 የከተማዋ ሰዎች ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት መሥርተው ያንን የቡና ቤት ቡድን ወደ ጄ ሊግ፣ ማለትም ወደ ጃፓን የፕሮፌሽናል ሊግ፣ እናደርሰዋለን ብለው ተነሱ። ሲጀምሩ የሳቀባቸው ሰው እንደማይጠፋ እገምታለሁ።

በ2009 ገና አራተኛ እርከን ላይ ሳሉ የጃፓን ክለቦች ሁሉ በሚገናኙበት የንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫ ኡራዋ ሬድስን 2 ለ 0 አሸነፉ። ኡራዋ ማለት ከሁለት ዓመት በፊት የእስያ ሻምፒዮን የነበረ ቡድን ነው። በዚያው ዓመት የአካባቢ ሊጎችን የማጠቃለያ ውድድር አሸንፈው ያኔ ሦስተኛው እርከን ወደነበረው ጄ ኤፍ ኤል አደጉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ናኦኪ ማትሱዳ የሚባል ተከላካይ ነበር። በ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ለጃፓን የተሰለፈ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ለዮኮሃማ ኤፍ ማሪኖስ የተጫወተ ሰው። በ2010 መጨረሻ ክለቡ አሰናበተው። እንዲህ ያለ ስም ያለው ሰው ጫማውን ሰቅሎ ቴሌቪዥን ላይ ተንታኝ ቢሆን ማንም አይፈርድበትም። እሱ ግን ሁለት እርከን ወርዶ ማትሱሞቶ ገባ፤ 3 ቁጥር ለበሰ። ነሐሴ 2 ቀን 2011 ጠዋት ልምምድ ላይ ገና ሰውነቱን እያሟሟቀ ሳለ ወደቀ። ልቡ ቆሞ ነበር። ምቱ የተዛባን ልብ በኤሌክትሪክ ወደ ትክክለኛ ምቱ የሚመልሰው ኤ.ኢ.ዲ. የሚባለው መሣሪያ በልምምድ ሜዳው ላይ አልነበረም። ከሁለት ቀን በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። ዕድሜው 34 ነበር።

34! እዚህ አዳራሽ ውስጥ 34 ያልሞላው ስንት ሰው ነው? እጅ አታውጡ፣ አየሁት።

ቡድኑ ያንን የውድድር ዓመት አራተኛ ሆኖ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን አደገ። 3 ቁጥር ማልያ ለሦስት ዓመት ሳይለበስ ቆየ። በ2015 የለበሰው የማትሱዳ የቀድሞ የቡድን ጓደኛ የነበረው ሃዩማ ታናካ ነው፤ የዚያው የናጋኖ ክፍለ ሀገር ልጅ። በዚያ ዓመት ያማጋ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንደኛው ዲቪዚዮን ተጫወተ።

አልበረከተም፣ በዓመቱ ወረደ። በ2018 የሁለተኛው ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ሆኖ ተመለሰ፤ እንደገና በዓመቱ ወረደ። በ2021 ከ22 ቡድኖች መጨረሻ ወጥቶ ሦስተኛው ውስጥ ተገኘ። እዚያ ደግሞ ማን ቢጠብቃቸው ጥሩ ነው? ናጋኖ ፓርሴይሮ! ማትሱሞቶ ዋና ከተማ የነበረችበት ቺኩማ የሚባል ክፍለ ሀገር በ1876 ፈርሶ አብዛኛው ከናጋኖ ጋር ከተቀላቀለ ወዲህ ሁለቱ ከተሞች ዓይንና ናጫ ናቸው። በ2024 ወደ ሁለተኛው ለመመለስ በመጨረሻው የማጣሪያ ጨዋታ ካታለር ቶያማን 2 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው፣ በባከነ ሰዓት 2 ለ 2 ሆኑ። አቻ ከሆነ የሚያልፈው በደረጃ የበለጠው ነውና ቶያማ አለፈ።

አልዊን ሄጄ ያየሁት ጨዋታ የዚህ የሦስተኛው ዲቪዚዮን ነው። አያቶች፣ ሕፃናት፣ ሁሉም አረንጓዴ ለብሶ፣ ከጎሉ ጀርባ ዘጠና ደቂቃ ቆሞ ሲዘል ነበር።

እኛስ? ባለፈው ዓመት አንድ ወንድማችን ሜዳ ላይ ሲወድቅ ምን አደረግን? ማልያ አውልቀን አራገብንለት፣ ውሃ ደፋንበት፣ ግማሾቻችን ታክሲ ፍለጋ ሮጥን። የደረት መጫን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይኸው ከፊት ወንበር ተቀምጦ ይስቅብኛል።

አጀንዳ 3 የዘንድሮው ገንዘብ ለአዲስ ማልያ ይዋል ወይስ ለዚያ መሣሪያና ለመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና የሚል ነው። ሥራ አስፈጻሚው ተከፋፍሏል፤ እኔ በየትኛው ወገን እንደሆንኩ ከእንግዲህ ብደብቅ ታምኑኛላችሁ ብዬ አልጠብቅም። ማልያው እርግጥ ነው ተቀዳዷል። የኔ 8 ቁጥርማ 3 መስላለች።

ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ስለተረጋገጠ ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊያችን፣ ወደ ሪፖርቱ ይግቡልን።