ዚንክና መዳብ፦ ጣሪያ ላይም ሆድ ውስጥም የማይስማሙት

[ምስል፦ የጣሪያ ቆርቆሮ]

እንደምን ከረማችሁ፣ የወሎ ልጆች! ቆርቆሮው ላይ የተለበጠው ዚንክ ነው። የመብራት ሽቦው መዳብ። አብረው ሲቀልጡ ናስ ይሆናሉ። ዚንክ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ከዝገት ያድናል፤ ግን መዳብ ነክቶት ዝናብ ካገኘው ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ የተላጠ የመዳብ ሽቦ ቆርቆሮ ላይ አታሳርፉ።

ሆድ ውስጥም አይስማሙም። ዚንክ ሲበዛ የአንጀት ሴሎች ሜታሎታዮኒን የሚባል ፕሮቲን ያመርታሉ። አሁን ኮምቦልቻ መናኸሪያን አስቡልኝ። ዚንክ «ሚኒባስ ጥሩልኝ!» ብሎ ጮኸ። ሚኒባሶቹ፣ ማለትም ፕሮቲኖቹ፣ መጡ። ማን ተጋፍቶ ገባ? መዳብ! ጠሪው ዚንክ፣ ተሳፋሪው መዳብ። መስኮት ዳር ተደላድሎ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ «ደሴ ስንት ሰዓት እንገባለን?» ይላል። ያረቢ! ሚኒባሱ ሐረጎን መቼ ሊወጣ፤ ጋራዥ ሊገባ ነው። ረዳቱ በሩን ቆልፎታል። ደሴ ማለት ደማችን ነው፣ መዳብም ደሴ አልገባም። ፕሮቲኑ ከዚንክ ይልቅ መዳብን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው፤ ሴሉ በጥቂት ቀን ሲረግፍ መዳቡም አብሮ በሰገራ ይወጣል። በቃ፣ ሳይንሱ ይኸው ነው። ሰብስክራይብ ያላደረገ ካለ አሁን ያድርግ፣ አብሽሩ፣ ነፃ ነው።

ብዙዎቻችሁ ግን «ዚንክ ለሕፃናት ተቅማጥ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፣ ምን ይጎዳል? እኛም በየቀኑ እንዋጠው» ትላላችሁ። ቆይ ቆይ! የልጆቹ በልክ ነው፦ ከ6 ወር በላይ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች 10፣ ለ10 እስከ 14 ቀን፣ ከኦአርኤስ ጋር። ፍሬዋ በማንኪያ ንጹሕ ውሃ ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት ትሟሟለች። ተቅማጡ ቢቆምም ቀኑን አስጨርሱ፤ እናቶች በ3ኛው ቀን የሚያቆሙት ነገር በጣም ያናድደኛል። እናንተ አዋቂዎቹስ? በቀን የሚያስፈልጋችሁ ዚንክ ለወንድ 11፣ ለሴት 8 ሚሊግራም ነው፤ ከ40 አይለፍ። በቀን 50 እና ከዚያ በላይ ለሳምንታት ስትውጡ መዳብ መግባት ያቅተዋል፤ ሲቆይ ደም ማነስና የእግር መደንዘዝ ይመጣል። ደም ማነሱ ደግሞ መዳብ ካልተተካ በአይረን ኪኒን ብቻ አይመለስም። መዳብ እኮ የሚያስፈልገን በቀን 0.9 ሚሊግራም ነው፤ ምስርና ባቄላ ውስጥ አለ።

ይኸው ጉዳት ለአንዳንዱ መድኃኒት ነው። የዊልሰን በሽታ ያለበት ሰው ጉበቱ መዳብን ማስወጣት ስለሚያቅተው ይጠራቀምበታል። ሐኪም መዳቡን እንዲዘጋለት ዚንክ ያዝለታል፤ ለአዋቂ ብዙ ጊዜ 50 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ፣ ከምግብ በፊት ቢያንስ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ።