ማን ነው የተጫወተው?

ክቡራትና ክቡራን፣ የማኅበራችን አባላት፣ እንግዶቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ይህን የማዳመጫ ምሽት በንግግር እንድከፍት ስትጋብዙኝ የሰጣችሁኝ ርዕስ «ፕሮግረሲቭ ሮክን ለምን እንወዳለን?» የሚል ነበር። ረጃጅምና ውስብስብ ድርሰት ለሚወደው የሮክ ዓይነት ደስ የሚል ርዕስ ነው። መጻፍም ጀምሬ ነበር። የምሽቱ መርሐ ግብር ሲላክልኝ ግን ሐሳቤ ወደ ሌላ ሄደ።

መርሐ ግብሩ እጃችሁ ላይ አለ፤ እስቲ እዩት። ኪንግ ክሪምሰን፣ የስ፣ ጀነሲስ፣ ፒንክ ፍሎይድ፣ ሬነሳንስ፣ ኪንግ ክሪምሰን እንደገና። የባንዱ ስም፣ የዘፈኑ ርዕስ፣ ርዝመቱ በደቂቃ። አለቀ። አንድም ሰው በስሙ አልተጠራም። ድራሙን ማን መታው? ግጥሙን ማን ጻፈው? ያን ፍሉት የነፋው ማን ነው? ወረቀቱ ላይ የለም።

አዘጋጆቹን ለመውቀስ አይደለም። ለዚህ ምሽት ምን ያህል እንደለፉ አይቻለሁ። ነገሩ ግን ሲከነክነኝ የቆየ ስለሆነ ዛሬ ሳልናገር አልወርድም።

ወዳጆቼ፣ አብዛኞቻችን ይህን ሙዚቃ የተዋወቅነው የሸክላ ሽፋን እያነበብን ነው። ታስታውሳላችሁ፤ ሁለት ታጣፊ የሆነው ሽፋን ጭን ላይ ይዘረጋል፣ መርፌው ሸክላው ላይ ያርፋል፣ ዓይናችን ደግሞ ደቃቋን ጽሑፍ ይለቅማል። ማን ምን ተጫወተ፣ የት ተቀረጸ፣ ማን ቀረጸው፣ ሥዕሉን ማን ሣለው። እነዚህ ባንዶች በዚህ ነገር ለጋሶች ነበሩ። ኪንግ ክሪምሰን በ1969 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ፒተር ሲንፊልድ እንደ ሙሉ የባንዱ አባል ነው ስሙ የሰፈረው። ሲንፊልድ መድረክ ላይ ጊታር አልያዘም፣ ድራም አልመታም። ግጥሙን ይጽፋል፤ ኮንሰርት ሲኖር መብራቱን ይቆጣጠራል። በቃ፣ ከአምስቱ አንዱ ነው። ይሄ ነው የሙዚቃችን ባህል።

አሁንስ? ስልካችንን እንከፍታለን። አንድ ትንሽ ሥዕል፣ የባንድ ስም፣ የዘፈን ርዕስ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። የተጫዋቾቹን ስም ለማግኘት መቆፈር አለብህ፤ ቆፍረህም ላታገኘው ትችላለህ። አፑን ለሠሩት ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር ይመስላቸው ይሆናል። እኛ ግን የምናውቅ ሰዎች ነን! እኛም ራሳችን እንደዚያው ወረቀት ካዘጋጀን ማን ሊያስታውሳቸው ነው?

እስቲ የክሌር ቶሪን ነገር ላንሳ። ድምፅዋን የማያውቅ የለም፤ ስሟን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ጃንዋሪ 1973፣ እሑድ ቀን፣ ለንደን፣ አቢ ሮድ ስቱዲዮ። ፒንክ ፍሎይዶች «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን»ን ወደ መጨረሱ ደርሰዋል። ኪቦርዲስቱ ሪቻርድ ራይት የሠራው አንድ የፒያኖ ሥራ አለ። ያምራል፤ ግን የሆነ ነገር ጎድሎታል። የድምፅ ባለሙያው አላን ፓርሰንስ አንዲት ድምፃዊት ትዝ አለችው። ክሌር ቶሪ ያኔ የ25 ዓመት ወጣት ነች፤ እንጀራዋ የስቱዲዮ ሥራ ነው። የባንዱ ሙዚቃ ያን ያህል የምትወደው አልነበረም። ጠሯት፣ መጣች።

ስትገባ ግጥም የለም። የተጻፈ ዜማም የለም። ሙዚቃውን አሰሟት፤ የሚሰማሽን ዝፈኚ፣ ብቻ ቃል እንዳይኖርበት አሏት። መጀመሪያ የለመደችውን «ኦ ቤቢ» ዓይነት ነገር ሞከረች። አይሆንም ተባለች። እንዲህ ያለ ሥራ ገጥሟት አያውቅም። ከዚያ ለራሷ አንድ ነገር ወሰነች፤ ድምፃዊት መሆኔን ልተው፣ እኔው ራሴ የሙዚቃ መሣሪያ ልሁን አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም በጆሯችሁ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ትጮኻለች፤ ጩኸቱ እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ ሰውነት ያንቀጠቅጣል። ከዚያ ኃይሏ ያለቀ ይመስል ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ፒያኖው ብቻ ሥሯ ይቀራል። አንድም ቃል የለበትም። ሰው ግን ሲሰማው ያለቅሳል።

ጥቂት ጊዜ ቀረጿትና ሄደች። የተከፈላት 30 ፓውንድ ነው። ያውም እሑድ በመሆኑ እጥፍ ሆኖላት። ሥራው አልበሙ ላይ ይገባል ብላ እንኳ አላሰበችም። መግባቱን ያወቀችው ሸክላ ቤት ውስጥ አልበሙን አንስታ ስሟን ስታይ ነው።

ስሟ በድምፃዊትነት ተጽፏል፤ እሱን አልክድም። የዜማው ባለቤት ግን ራይት ብቻ ተባለ። እንግዲህ አስቡት። ከዚያ አፍ የወጣውን ዜማ ያን ዕለት ሌላ ማን ፈጠረው? ወረቀት ላይ አልነበረም። ማንም አላዘዛትም። እሷው ናት የፈጠረችው! ያ አልበም ደግሞ እንዲሁ የቀረ አልበም አይደለም። ከ1973 እስከ 1988 ባለው ጊዜ ብቻ 741 ሳምንት የአሜሪካው የቢልቦርድ የአልበሞች ደረጃ ሠንጠረዥ ላይ የተቀመጠ አልበም ነው። ክሌር ቶሪ በ2004 ፍርድ ቤት ሄደች። በ2005 ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ነው የዜማው ባለቤቶች ራይት እና ቶሪ ተብለው መጻፍ የጀመሩት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓለም የሰማው የእሷን ድምፅ፣ የእሷን ዜማ ነው።

ባለፈው ስብሰባችን ይህን ጉዳይ በጨረፍታ ሳነሳ «ሙዚቃው ራሱ ይናገራል» የሚል መልስ ነበር የተሰጠኝ። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አይናገርም። የክሌር ቶሪ ድምፅ ሠላሳ ዓመት ተናገረ፤ ስሟን ግን አልተናገረላትም። ስም የሚናገረው ሰው ነው።

አሁን ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ስሙኝ። በዚያው ዓመት፣ በኖቬምበር 1973፣ ኪንግ ክሪምሰን አምስተርዳም በሚገኘው የኮንሰርትገባው አዳራሽ ይጫወታል። በመሐል ያልተጻፈ፣ እዚያው የተፈጠረ ሙዚቃ ጀመሩ። ዴቪድ ክሮስ በቫዮሊን፣ ጆን ዌተን በቤዝ፣ ሮበርት ፍሪፕ ቆይቼ በማብራራው ኪቦርድ፣ በሜሎትሮን። ድራመሩ ቢል ብሩፎርድ ነው። ብሩፎርድ ዱላዎቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ተቀመጠ። ይገባል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አለ። አልገባም። ሙዚቃው አምስት ደቂቃ አልፎ እስኪያልቅ አንዲት ምት አልመታም፤ ድራም ቢገባበት ያ ነገር እንደሚሰበር ገብቶት ነበር።

ያ ቅጂ በ1974 አልበም ላይ «ትሪዮ»፣ ማለትም የሦስት ሰው ሥራ፣ ተብሎ ወጣ። የድርሰቱ ባለቤቶች ስንት ሆነው ተጻፉ? አራት! ብሩፎርድ ስላልመታው ምት እንደ ደራሲ ተቆጠረ። ጓደኞቹ ዝምታውም ሥራ ነው አሉ። በኋላ ባወጡት ስብስብ ላይም ራሱን በመግታቱ አመስግነው ጻፉለት። እኔ ይህን ባንድ የምወደው ለዚህ ነው። አንደኛዋ ነፍሷ እስኪወጣ ዘፍና ዜማዋ አልተቆጠረላትም፤ ሌላው ዝም ብሎ ተቆጠረለት። ሁለቱም የሆኑት በአንድ ዓመት፣ በአንድ ዓይነት ሙዚቃ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ያኔ ዘመኑ እንደዚያ ነበር» የሚለውን ምክንያት አልቀበልም። መቁጠር የፈለገ ቆጥሯል!

የማቲው ፊሸርም ነገር አለ። የፕሮኮል ሃረሙን የ1967 ዘፈን «ኤ ዋይተር ሼድ ኦፍ ፔል» ስትሰሙ መጀመሪያ የሚመጣባችሁ ምንድን ነው? ኦርጋኑ ነው። ያ ኦርጋን የፊሸር ነው። በድርሰቱ ላይ ድርሻ አለኝ ብሎ ጉዳዩን የብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት ድረስ ወሰደው፤ በ2009 ተፈረደለት። አርባ ዓመት አልፎ።

ሌላም አለ፤ ጭራሽ ስማቸው የማይታወቅ። ሜሎትሮንን ሁላችሁም ትወዱታላችሁ። የዚህ ሙዚቃ ሐዘንና ግርማ ግማሹ ከዚያ ሳጥን ነው የወጣው። ሳጥኑን ከፍቶ ያየ ያውቃል። የኤም 400 ሞዴል 35 ቁልፎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር እንደ ካሴት ክር ያለ፣ ሰፋ ያለ ክር ተዘርግቷል። ቁልፉን ስትጫነው ክሩ ይጎተትና ማንበቢያው ላይ ያልፋል፤ ድምፅ ይወጣል። ስምንት ሰከንድ ያህል ከቆየህ ክሩ ያልቃል፣ ድምፁም ያልቃል። ስትለቀው ስፕሪንግ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ኪቦርዲስቶቹ ክሩ ሳያልቅ ጣታቸውን እየቀያየሩ ነው ያን ረጅም ሐዘን የሚሸምኑት። የሙዲ ብሉሱ ማይክ ፒንደር ባንዱን ከመመሥረቱ በፊት ይህ መሣሪያ የሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል፤ ሆዱንም ሆነ አመሉን ጠንቅቆ ያውቀው ነበር።

እንግዲህ ክሩ ላይ ያለው ምንድን ነው? ሰው ነው። ቫዮሊኒስት ስቱዲዮ ገብቶ እያንዳንዷን ኖታ ለየብቻ፣ አንድ በአንድ፣ ክሩ እስኪያልቅ ተጫውቷል። ፍሉት ተጫዋችም እንዲሁ። እኛ የምንሰማው የእነሱን ቀስትና የእነሱን ትንፋሽ ነው። ይህ ሙዚቃ ቀዝቃዛ ነው፣ የማሽን ነው፣ ስሌት እንጂ ስሜት የለውም የሚሉንን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። ሁልጊዜ ያስቆጣኛል። ማሽን ባሉት ሳጥን ውስጥ እንኳ ሰው አለ! ግን የሰዎቹን ስም ካልጠራን፣ ሙዚቃው ሰው የሌለው ቢመስላቸው ምን ይገርማል?

ዛሬ ሬነሳንስን እንሰማለን። አኒ ሃስላም ስትዘፍን ቃላቱ የእሷ ይመስላሉ። አብዛኞቹን የጻፈችው ግን ቤቲ ታቸር ናት። ቤቲ ታቸር ከባንዱ ጋር መድረክ አልወጣችም። ኮርንዎል ትኖር ነበር፤ ሙዚቃው በፖስታ ይላክላታል፣ ግጥሙን ጽፋ በፖስታ ትመልሳለች። በዚያ መንገድ አልበም በአልበም ላይ ተሠራ። መርሐ ግብራችን ላይ አኒም የለችም፣ ቤቲም የለችም።

«የስ» የተባለው ባንድም አለ። በ1972 የወጣውን «ክሎዝ ቱ ዚ ኤጅ» ያለ ድምፅ ባለሙያው ኤዲ ኦፎርድ ማሰብ አይቻልም፤ ቁርጥራጭ ቅጂዎችን ገጣጥሞ የ18 ደቂቃ ወንዝ ያደረገው እሱ ነው። ድራሙን የመታው ያው ቢል ብሩፎርድ ነው፤ ቅጂው እንዳለቀ ወደ ኪንግ ክሪምሰን ሄደ፣ አላን ኋይት ደግሞ በቀናት ውስጥ ያን ሁሉ አጥንቶ መድረክ ወጣ። የረሽ አድናቂዎችም እዚህ አላችሁ፤ የባንዱን ግጥም በአብዛኛው የጻፈው ድራመሩ ኒል ፒርት መሆኑን ለአዲስ አድማጮች ንገሯቸው። ሁሉንም ላንሳ ብል ሙዚቃ ሳንሰማ ይነጋል።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ እያንዳንዱ ሥራ ከመከፈቱ በፊት የተጫወቱት፣ የጻፉትና የቀረጹት ሰዎች ስም ይነበብ። በወረቀቱም ላይ ይጻፍ። ምሽቱ ይረዝማል የሚል ካለ፣ የጀነሲስን «ሰፐርስ ሬዲ» 23 ደቂቃ ያህል ቁጭ ብለን ልንሰማ ነው የመጣነው። ለዚያ የሚሆን ትዕግሥት ያለው ሰው ለቶኒ ባንክስ፣ ለስቲቭ ሃኬት፣ ለማይክ ራዘርፎርድ፣ ለፊል ኮሊንስና ለፒተር ገብርኤል ግማሽ ደቂቃ አያጣም።

ወጣት አባላትም ስልካችሁ ላይ አንድ ነገር ስትወዱ እዚያው አትቁሙ። ማን እንደተጫወተው ፈልጉ። የሸክላ ሽፋን ያላችሁ ደግሞ አምጡና አሳዩዋቸው፤ መደርደሪያ ላይ ምን ይሠራል?

የመጀመሪያውን እኔ ላንብብ፤ ተራው የኪንግ ክሪምሰን «ኤፒታፍ» ነው። በ1969 ለንደን ውስጥ ዌሴክስ ስቱዲዮ ተቀረጸ። ድራም፣ ማይክል ጃይልስ። ቤዝ ጊታርና ድምፅ፣ ግሬግ ሌክ። ጊታር፣ ሮበርት ፍሪፕ። ሜሎትሮን፣ ኢያን ማክዶናልድ። ግጥም፣ ፒተር ሲንፊልድ። ቅጂ፣ ሮቢን ቶምፕሰን፤ ረዳት፣ ቶኒ ፔጅ። የሽፋኑ ሥዕል፣ ባሪ ጎድበር፤ አልበሙ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ በ24 ዓመቱ አረፈ።

አመሰግናለሁ። ክፈቱት።