አጥሩ ከመታጠሩ በፊት ሕጉ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። የዓለም ገናን መንገድ ታግሳችሁ ሰበታ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያቀርበዋል፣ እኔ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። ትልልቅ የዱር እንስሳ አጥር ውስጥ አርብቶ ለአዳኝ መሸጥ የሚባል ሃሳብ ሲወራ ሁላችሁም ሰምታችኋል። አሁን ያሉን የአደን ቀበሌዎች፣ ማለትም ለአደን የተከለሉት ቦታዎች፣ አጥር የሌላቸው ክፍት ናቸው፣ በዱር እንስሳት አዋጅ 541/1999 እና በደንብ 163/2000 ነው የሚተዳደሩት፣ ባሌ ወይ አርሲ ደጋ አጋዘን ፍለጋ የመጣ አዳኝ ፈቃዱን ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ሲወርድ ሰንብቶ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል፣ እንስሳው ማምለጥ ይችላላ!

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ሕግ መሬቱን በሚገባ አጥሮ ሰርተፊኬት የያዘ ሰው እንስሳው ቢያመልጥበት እንኳን ባለቤትነቱን አያጣም፣ በዚህም የግል እርሻዎች ላይ የዱር እንስሳ በጣም በዝቷል፣ ይሄን አልክድም። ግን እዛው አገር በጡጦ ያደገ አንበሳ፣ የመኪና ድምፅ ሲሰማ ምግብ መጣልኝ ብሎ የሚጠጋ አንበሳ፣ አጥር ውስጥ ተለቆ ይተኮስበታል። መንግስት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ደንብ አንበሳው ከመታደኑ በፊት 24 ወር ራሱን ችሎ እያደነ ይኑር አለ፣ አርቢዎቹ ከሰሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለነሱ ፈረደ። ለምን? እነዚህ አንበሶች ወደ ዱር የሚመለሱ ስላልሆኑ 24 ወሩ ከዱር እንስሳ ጥበቃ ጋር ምን አገናኘው ተባለ። ቁጥሩ ተጽፎ ምክንያቱ በደንብ ስላልተጻፈ ወደቀ፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

እኛ ጋ ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 40 ላይ የተፈጥሮ ሀብት የመንግስትና የሕዝብ ነው ስለሚል፣ አጥር ያጠረ ሁሉ የኔ ነው ማለት አይችልም፣ ይሄ ገና ከመጀመሪያው በግልጽ ይጻፍ። የአጥሩ ትንሹ ስፋት ይጻፍ፣ ሰው የለመደ እንስሳ ላይ መተኮስ የሚከለከለውም ለእንስሳው ክብር ሲባል እንደሆነ በቃል ይጻፍ። እዚሁ ሱባ ጫካ ያለውን የምኒልክ ድኩላ ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ ሰው ሲሸተው እንደ ውሻ ጮሆ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል፣ ያን ፍርሃቱን የወሰድንበት ቀን አደን አይባልም። ደጋ አጋዘን ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፣ ለመጥፋት የተቃረበ ነው፣ እሱ ጭራሽ ለአደን በታጠረ ቦታ እንዳይገባ ነው የኔ አቋም።

ከሻይ በኋላ በዚሁ የአጥር አደን ሃሳብ ላይ የምናቀርበው የአስተያየት ረቂቅ ይነበባል፣ የማትስማሙበት መስመር ካለ እዛው ተናገሩ፣ ሳይታረም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን አንልከውም። ጉባኤው ተከፍቷል።