ማቆያ አይደለንም

እንደምን አመሻችሁ የደሴ ሰዎች! ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የመጣችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ።

ኮሚቴው የኳየራችንን ዓመታዊ ሪፖርት አቅርብ ብሎኝ ነበር። ወረቀቱ በእጃችሁ ነው፤ አንብቡት። እኔን ያስነሳኝ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመ ሌላ ነገር ነው።

ያን የሕንፃ ምረቃ ታስታውሳላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ፣ ነርሷ ተረኛነቷን አለዋውጣ፣ መምህሩ የፈተና ወረቀት ሳያርም ትቶ መጣ። ይዘን የወጣነው የሙዚቃ ደራሲውን የሞዛርትን «አቬ ቬሩም ኮርፑስ» የተባለ የላቲን መዝሙር ነው። ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ተኩል ቢፈጅ ነው። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1791፣ በሞተበት ዓመት፣ ባደን በምትባል ትንሽ ከተማ መዘምራን ለሚመራ ወዳጁ ለአንቶን ሽቶል ጻፈው። ለቤተ መንግሥት አይደለም፤ እንደኛው ላለ የአነስተኛ ከተማ ኳየር ነው! ኖታው መግቢያ ላይም በለሆሳስ እንዲዘመር አዟል።

በለሆሳስ ጀመርን። ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ። መሃል ላይ ዘማሪው አርፎ መሣሪያው ብቻውን የሚሄድበት ቦታ አለ። ኪቦርዳችን እዚያ ሲደርስ የመድረክ መሪው «እናመሰግናለን! ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» ብሎ ማይኩን አነሳ። ለካ የክብር እንግዳው በር ላይ ደርሰዋል። ቴነሮቻችን፣ ከፍ ባለው ድምፅ የሚዘምሩት ወንዶች፣ ትንፋሽ ስበው እንደቆሙ ዲጄው ዘፈን ለቀቀባቸው። እኛን በአንዳንድ ውሃ ሸኙን። (እንግዳው እንኳ ቢነገራቸው በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ጨዋ ሰው ናቸው።)

እስቲ ልጠይቃችሁ! በወሎ ምድር መንዙማ እየተዜመ፣ ጀመዓው ተቀብሎ ሳይጨርስ ማን ደፍሮ ያቋርጣል? ግሸን ላይ ማኅሌት የቆሙትን ካህናት «ባለሥልጣን መጣ፣ አሳጥሩ» የሚል አለ? ባቲም አምባሰልም የቅኝት ስም የሆኑት ዜማ ሲያከብሩ በኖሩ ሰዎች አገር ነው! ኳየር ሲሆን ግን እንግዳ እስኪገባ ሰዓት መግፊያ! እኛ ማቆያ አይደለንም!

የሄንደል «መሲሕ» የተባለው ትልቅ የመዘምራን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1742 ደብሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ፣ አዳራሹ ብዙ ሰው እንዲይዝ ወንዶቹ ሰይፋቸውን፣ ሴቶቹ ከቀሚስ ሥር የሚታሰረውን ሰፊ ቀለበት ቤት ትተው እንዲመጡ ተለምነው ነበር። እኛ ማንንም ትጥቅ አላስፈታንም። የጀመርነውን እንጨርስ ነው ያልነው።

ስለዚህ አባላቱ ተስማምተናል። ከእንግዲህ የሚጠራን ሁሉ አስቀድሞ ሰዓታችንን ይቁረጥልን፤ አለዚያ አበል እጥፍ ቢሆንም አንሄድም።

የመዋጮው ነገር ሪፖርቱ ላይ አለ። ቤዝ አንሶናል፤ ድምፁ የጎረነነ ልጅ ያላችሁ ላኩልን፣ ኖታ ባያውቅም እናስተምረዋለን። ልምምድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው።

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንግባ። ስልካችሁን ዝጉ። መብራት ቢጠፋም ያለ ኪቦርድ እንቀጥላለንና እንዳትነሱ።